ውኃው ሲሸሽ የሚዘራ አበባ

ባለፈው ሳምንት የማስተምርበት ትምህርት ቤት አትክልተኛ ወቅታቸው ያለፈባቸውን ብርቱካንማ አበቦች ከቢሮው ፊት እየነቀለ በአጥሩ ሥር ሲከምር አገኘሁትና ሰላምታ ሰጥቼው ላልፍ ስል ሽታው ያዘኝ። እንደ ጽጌረዳ የሚያባብል ሽታ አይደለም፤ ቅጠሉ ሲታሽ የሚወጣው ጠረን ምሬት ያለበት፣ የሎሚ ልጣጭ ከተረገጠ እርጥብ ሣር ጋር የተቀላቀለ የሚመስል ነውና ብዙ ሰው ፊቱን አዙሮ ያልፈዋል። እኔ ግን መጽሐፎቼን በብብቴ እንደ ያዝሁ ከክምሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ፤ ደወል ተደውሎ፣ ተማሪዎቼ ክፍል ገብተው፣ አትክልተኛውም የጠፋ ዕቃ የምፈልግ መስሎት ምን እንደ ወደቀብኝ እስኪጠይቀኝ ድረስ ልቤ የነበረው በጎንደር ከተማ ሳይሆን በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ውኃ ሸሽቶ ደለሉ ገና ባልጠነከረበት በወላጆቼ ደጃፍ ነበር።

ቤታችን ከወረታ ገበያ ወደ ጣና በሚወስደው በኩል፣ ሜዳው ጥቂት ከፍ በሚልበት ጉብታ ላይ ተሠርቶ ነበር። የአጥቢያችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በማዶኛው ጉብታ በትልልቅ ዛፎች ተከባ ትታያለች፤ ከደጃፋችን ጮክ ብሎ የተጣራ ሰው ከቅጥሯ ይሰማል። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት ግን ዝቅተኛ ነበርና ክረምት ገብቶ የርብ ወንዝ ሞልቶ በወጣ ጊዜ መንገዱም፣ እርሻውም፣ የከብቱ መዋያም አንድ ውኃ ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ሽማግሌው ከጎረምሳው ሳይለይ ሁሉም ሱሪውን ሰብስቦ፣ በትሩን ከፊቱ እየተከለና መሬቱን እየዳበሰ ይሻገራል። መስከረም ሲያጋምስ ውኃው እንደ አመጣጡ ሳይቸኩል ይሸሽና ጥቁር ደለሉን ትቶልን ይሄዳል፤ ደለሉም የመንገዱን ዱካ፣ የጓሮውን መደብ፣ የከረመውን ሥር ሁሉ አልብሶ ሜዳውን እንደ ተለፋ ቆዳ ለስላሳ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት በእኛ ጓሮ ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ተክል አልነበረም፤ ደጋ ካሉ ዘመዶቻችን የመጣልን የጽጌረዳ ግንድ ሁሉ ሥሩ በውኃ በስብሶ ቀርቷል። ሜዳው የሚቀበለው ውኃው ጥሎት በሄደው እርጥበት ላይ ተዘርቶ፣ ቶሎ አብቦ፣ ዘሩን ሰጥቶ የሚሞተውን ብቻ ነበር።

አባቴ መምሬ ተገኘ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ቀዳሽ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የተቆጠበ፣ ሳቃቸው በጺማቸው ውስጥ ገብቶ የሚቀር ሰው ነበሩ፤ ከመንበሩ ፊት በቆሙ ጊዜ ግን ድምፃቸው ከደረታቸው ሳይሆን ከቤቱ ግድግዳ የሚወጣ ይመስል ነበር። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ልጀምር ስል በግራ ዓይናቸው ላይ ሞራ መጣል ጀመረ፤ ቀኙም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ወንዛዬ ወርደው በፍል ውኃው ታጠቡ፤ ጸበልም ተጠመቁ፤ መድኃኒት አዋቂ የተባለም ቅጠል ጨመቀላቸው። ዓይኑ የጠፋ ካህን መቀደስ እንደማይፈቀድለት ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በአጥቢያው አልነበረም፤ ስለዚህም ዓይናቸው አልድን ብሎ እየጠፋ መሄዱን ለማንም፣ ለእናቴም እንኳ፣ አልተናገሩም። ከመንበሩ የሚለያቸው ቀን ሞትን የሚያህል ነበርና ያን ቀን በየማለዳው ወደ ፊት ይገፉት ነበር።

ቅዳሴውን በቃላቸው ያውቁታል፤ የቤተ መቅደሱንም እያንዳንዱን ደረጃ እግራቸው ያውቀዋል። በሌሊት ለማኅሌት ሲወጡም ችግር አልነበረም፤ በጨለማ ሰው ሁሉ እኩል ዕውር ነው፣ ዲያቆኑም ጧፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል። የሚያጋልጣቸው ቀን ነበር። እናቴ ነገሩን የደረሰችበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በደጃፋችን ለቆመች የጎረቤት አህያ እንደምን ዋልሽ ብለው መስቀላቸውን እንድትሳለም ሲዘረጉላት አይታ ነው። አህያዪቱ መስቀሉን አሽትታ ፊቷን ስታዞር እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጓዳ ገባች፤ ጓዳ ከገባች በኋላ ግን ሳቁ አልተሰማም፤ ብዙ ቆይታ ስትወጣም የነጠላዋ ጫፍ እርጥብ ነበር። ይህን ሁሉ ያወጋችኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ እኔ ያየሁት ሳቋን ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት ውኃው ሲሸሽ እናቴ በርበሬና ጎመን ትዘራበት የነበረውን መሬት፣ ከደጃፋችን አንሥቶ መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት እስከሚታጠፍበት እስከ ሾላው ዛፍ ድረስ፣ ግራና ቀኙን በአበባ ዘራችው። ከሾላው ወዲያ መንገዱ በሁለት አጥር መካከል ስለሚወጣ የሚያስት አልነበረም። መጀመሪያ የመረጠችው ተልባን ነበር፤ ሰው ቢጠይቃት እህል ነው ለማለት ይመቻታልና። ተልባ በማለዳ ሰማያዊ ሆኖ ይከፈታል፣ ፀሐዩ ሲበረታ ያንን ስስ ቅጠሉን ያረግፋል። ከተልባው ኋላ ራሱ እንደ ቀይ ጅራት የሚንጠለጠለውን አሉማ፣ ፍየል እንዳይገባ ደግሞ በውጭ በኩል እሾኻሙን ቢጫ ሱፍ አሰለፈችው። በደጃፉ አጠገብ፣ መንገዱ በሚጀምርበት፣ በሶብላ ነበር፤ የአባቴ የቀሚሳቸው ዘርፍ ሲነካው ሽታው እስከ ቤት ውስጥ ይገባል። ብርቱካንማው አበባ ዘግይቶ የመጣ ነው። በርብ ድልድይ አጠገብ ሰፍረው የነበሩ የመንገድ ሠራተኞች ወጥ ሠሪ በድንኳኑ ዙሪያ ተክሎት አይታ፣ ደርቀው የቆሙትን ራሶች በእንቁላል ለውጣ አመጣች። ስሙን ሰውየውም ስላላወቀው እኛ የመንገድ አበባ አልነው፤ ዘሩ ቀጭንና ቀላል፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ገለባ የሚመስል፣ እፍ ቢሉት የሚበርር ነበር።

በየዓመቱ፣ አበባው ሁሉ በፈነዳበት በኅዳር ወር፣ እናቴ እራት ስታቀርብ አባቴን ዘንድሮ የትኛው እንዳማረ ትጠይቃቸው ነበር። እሳቸውም፣ ስለ ጓሮ ወሬ የማይወዱት ሰው፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ግን ዝም አይሉም፤ ቁራሹን አስቀምጠው ያስባሉ፣ ዳኛም ይመስላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ተልባውን አመሰገኑ፤ ሰማይ መሬት ወርዶ ያደረ ይመስላል አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ተልባው ከምንጊዜውም ይልቅ ቢያምርም እሳቸው ዘንድሮ ደከም ያለ ነው፣ አሉማው ግን ደስ ይላል አሉ። ከዚያም አሉማው ጠቆረባቸው፤ መሬቱ ሳይሰለቸው አይቀርም ብለው አዘኑለት። እናቴ መልሱን ሰምታ እጃቸውን ታስታጥባቸዋለች፤ በሚመጣው መስከረም ደግሞ ያ ያልተመሰገነው አበባ በመንገዱ ዳር አይዘራም። ሰማያዊው ሄደ፣ ቀዩም ሄደ፤ በመጨረሻ ብርቱካንማውና ቢጫው ብቻ ቀሩ። ዛሬ ነገሩን ሳስበው፣ በዚያ ሜዳ ላይ ካሉት ሐኪሞች ሁሉ የአባቴን ዓይን በትክክል የመረመረችው እናቴ ነበረች፤ ሕመምተኛው መመርመሩን ሳያውቅ።

የጎረቤቱ ምላስ ግን አላረፈም። የቄስ ሚስት የማይበላ ነገር ስትዘራ፣ በርበሬ ከገበያ ስትገዛ ማየት ለእኛ አገር ሴቶች ትልቅ መነጋገሪያ ነበር። እትዬ ዘርፌ የምትባል ጎረቤታችን፣ የሸማኔ ሚስት፣ አፏ እንደ ባሏ መወርወሪያ ፈጣን የሆነች ሴት፣ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ዘንድሮ የመምሬ ቤት ወጥ በምን አበባ ነው የሚሠራው ትል ነበር። እናቴ እየሳቀች፣ እስቲ ብቅ ብለሽ ቅመሽው ብላ ትመልሳለች እንጂ ነገሩን አትገልጠውም። ሐሜቱ ከፍ ብሎ እስከ ገበዙ ጆሮ ደረሰና የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ የነበሩት ገበዝ ወርቁ አባቴን የሴት ከንቱነት በካህን ደጃፍ አያምርም ብለው ገሠጿቸው። ይህን ያወሩን ራሳቸው ገበዙ ናቸው፤ አባቴ በርበሬውም አበባውም የተፈጠሩት በሦስተኛው ቀን አብረው ስለሆነ የትኛው ከንቱ እንደ ሆነ ለመለየት እንደሚቸግራቸው መለሱላቸው። እኔም፣ ሌላውም ሰው፣ ያ ጥብቅ ሰው ለሚስቱ አንዲት ፍላጎት ሲሉ ይህን ያህል መታገሣቸው ይደንቀን ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እናቴን ንዳድ በያዛት ዓመት ነው። ሌላ ጊዜ የደረቁትን ራሶች ሁሉ ክረምት ሳይገባ ለቅማ፣ በቅል አድርጋ ከምድጃው በላይ ትሰቅላቸው ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን በሽታው ከግንቦት ጀምሮ እየጣለ ሲያነሣት ብዙው ሳይለቀም በቁሙ ቀረና ዘሩ መሬት ላይ ረገፈ። ርብ በሐምሌ ሲወጣ ያንን ቀላል ዘር አንሥቶ አንሳፈፈው፤ በመስከረም ሲሸሽም በሸሸበት ጠርዝ፣ ገለባና የሸንበቆ ስብርባሪ እንደሚተው፣ በረጅም መስመር አድርጎ አስቀመጠው። የመስመሩ መነሻ ከደጃፋችን ብዙ አይርቅም፤ ግን ወደ ሾላው አያደርስም፤ ከሾላው በፊት ወደ ግራ ይታጠፍና ሸክላ ሠሪዎች አፈር ወደሚቆፍሩበት ዝቅታ ይወርዳል። እናቴ ከአልጋ ተነሥታ በእጇ የቀረውን ዘር በትክክለኛው መንገድ ዳር በተነችው፤ ግን ዘግይቶ የተዘራ ነበርና ስስና አጭር ሆኖ ቀረ። ውኃው የዘራው ደግሞ ቀድሞ በቅሎ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ከሩቅ የሚያበራ ሆነ። ንዳዱ ተመልሶ ስለ ጣላት ወርዳ አላየችውም፤ ያየነውም ሌሎቻችን አበባ መብቀሉን እንጂ ሌላ አላሰብንም።

ሸክላ ሠሪዎቹ ከሰው ትንሽ ገለል ብለው የሚኖሩ ነበሩ። እንስራቸው፣ ማድጋቸው፣ ጀበናቸው በየቤቱ ገብቶ ሳለ እነሱ ግን በየቤቱ አይገቡም፤ ዓይናቸው ይፈራል፣ ልጆቻቸውም ከእኛ ጋር እንዳይጫወቱ ይከለከላል። ክልከላው ግን ለእኛ ለልጆቹ ጉድጓዱን ከገነት በር ያላነሰ አደረገው። እርጥቡ አፈር በእጅ ላይ የሚሰጠውን ቅዝቃዜ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ታዛዥ ሆኖ መጎድጎዱን፣ ከእትዬ የሺ ልጆች ጋር በሬና ፈረስ እየሠራን በፀሐይ ማሰለፋችንን እስከ ዛሬ ጣቶቼ አልረሱትም። እትዬ የሺ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ሁልጊዜ በጭቃ የተለበጠ ሴት ነበረች፤ ስታየን ትቆጣለች፣ ተቆጥታም ከምታለፋው አፈር ቆርሳ ትሰጠናለች።

በነቢያት ጾም ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚገባ አባቴ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጡ ነበር። በአንድ እንዲህ ባለ ቀን እኔ ከጉድጓዱ ወለል ተቀምጬ ለበሬዬ ቀንድ እያበጀሁለት ሳለ ቀና ስል፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በዚያ በቀስታና በክብር በሚራመዱት አካሄድ ወደ እኛ ሲመጡ አየኋቸው። ሊቀጡኝ የመጡ መሰለኝ። የእትዬ የሺ ልጆች እየተንሾካሾኩ ከአፈሩ ክምር ኋላ ሲገቡ እኔ ግን ጊዜ አላገኘሁም፤ በሬዬን በእጄ እንደ ያዝሁ፣ እስከ ፊቴ ጭቃ ተቀብቼ ባለሁበት ደረቅሁ። አባቴ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ከብርቱካንማው መስመር ሳያነሡ እየተከተሉ እስከ ጉድጓዱ አፋፍ ደረሱ። እዚያ ቀና ብለው ቀጥታ ወደ እኔ ተመለከቱ። በጭቃ የተለበጠ ልጃቸውን ያዩ አባት ፊት አልነበረም፤ የማንም ፊት አልነበረም፤ ሰማይን እንደሚያይ ሰው አሻግረውኝ አይተው ቀኝ እግራቸውን ወደ ባዶው አነሡ።

«አባ፣ ይቁሙ» አለች እትዬ የሺ። አልጮኸችም፤ የደነገጠ ከብት እንደምታረጋጋ በዝቅታ ነበር የተናገረችው። እሳቸውም እግራቸውን እንዳነሡ ቆሙ፣ ቀስ ብለውም ወደ ኋላ መለሱት።

«ማነሽ?»

«የሺ ነኝ አባ፤ ሸክላ ሠሪዋ።»

«አንቺ በማርያም መንገድ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የማርያም መንገድ አይደለም። በአፈሩ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው ያሉት።»

አባቴ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ወደ አበባው ዳበሱ፤ አንዱን ራስ አግኝተው ያዙት። «አበባው እዚህ ነው እኮ» አሉ፤ ነገሩን ለእሷ ሳይሆን ለራሳቸው የሚያስረዱ ይመስሉ ነበር።

«ዘንድሮ በዚህም በቅሏል፤ ውኃው ነው ያመጣው» አለች እትዬ የሺ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንዱንም አልረሳሁም። ገበዝ ወርቁ ወደ ቅዳሴው ሊወጡ በበቅሏቸው በላይኛው መንገድ ሲያልፉ አባቴን ከሸክላ ሠሪ ጋር ቆመው አዩና በቅሏቸውን አዙረው መጡ። መምሬ፣ ከቅዳሴ በፊት ገበያ ወጡ እንዴ አሉ፤ ቀልድ ቢመስልም ፊታቸው አልሳቀም። አባቴ መልስ ሳይሰጡ እትዬ የሺ ቀደመች፤ ለጸበሉ የሚሆን አዲስ እንስራ ሊያዟት እንደ መጡ፣ አሮጌው መሰንጠቁን እንደ ነገሯት ያለ አንዳች መደነቃቀፍ ተናገረች። እሷ በዕድሜዋ ሙሉ ከካህን ጋር ይህን ያህል ቆማ አውርታ አታውቅም፤ ያቺ ውሸት ግን ልክ እንደ እንስራዎቿ ክብ፣ ስንጥቅም የሌለባት ነበረች። አባቴ ዝም ብለው እሺ ቢሉ ኖሮ ሁሉም በዚያው ያልፍ ነበር።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሏት ወደ ድምፅዋ ዞረው። ከዚያም ወደ ገበዙ፤ «እንስራ አላዘዝሁም። መንገድ ስቼ ነው። ዓይኔ አያይም፤ ከጠፋም ከርሟል።»

ገበዙ ከበቅሏቸው ወረዱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሁለቱ አብረው ዲቁና የተቀበሉ፣ አብረው ያረጁ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አባቴ ቅዳሴውን በቃላቸው እንደሚያውቁት፣ ነገሩን በሁለታቸው መካከል ይዘው ማንም ሳያውቅ ሊቀጥሉ እንደሚችሉ፣ ቢያንስ እስከ ልደት ድረስ እንዲታገሡ ለመኗቸው። አባቴ በእጃቸው የያዙትን አበባ ለቀቁት።

«ዛሬ እግሬን ያሳተ ነገር ነገ እጄን ያስታል» አሉ። «እዚህስ ይህች ልጅ ይቁሙ አለችኝ። በመንበሩ ፊት ማን ይለኛል?»

አባቴ ወደ እትዬ የሺ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ቤት እንድታደርሳቸው ጠየቋት። እሷ ደንግጣ ክንዶቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ጭቃ ነው አባ፣ ልብስዎ ይበላሻል አለች። «እኔስ ከምን የተሠራሁ መሰለሽ?» አሉ አባቴ፤ ሲናገሩም ያ በጺማቸው ውስጥ የሚቀረው ሳቅ ብቅ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ እጇን ሰጠቻቸው። ገበዙ በቅሏቸውን ይዘው እያዩ፣ የአጥቢያችን ቀዳሽ በቀን ብርሃን በሸክላ ሠሪዋ እጅ ተመርተው ሜዳውን አቋረጡ፤ እኔም በሬዬን ጥዬ በሩቁ ተከተልኋቸው። እናቴ ድምፅ ሰምታ በደጃፉ ላይ ቡልኮዋን ተከናንባ ቆማ ነበር። ማን እንደሚመራቸው፣ ከየት አቅጣጫም እንደሚመጡ አየች፤ ከዚያም ሜዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚያበራውን የሳተውን መስመር አየች፤ ነገሩም ሁሉ ገባት። እትዬ የሺን ግቢ አለቻት። እትዬ የሺ ከደጃፋችን ወደ ውስጥ ስትገባ ያየሁት የዚያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ የመጨረሻ ግን አልሆነም።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ከቤተ መቅደሱ ውጭ፣ ከምእመናኑ ጋር ቆመው አስቀደሱ። ሌላ ድምፅ ከውስጥ ሲሰማ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዜማው በሚነሣበት ቦታ ሁሉ ደረታቸው ተነሥቶ ባዶውን ይመለሳል። ሕዝቡ ሲወጣ የሚሳለማቸው በዛ፤ እሳቸውም ሁሉንም በድምፁ እየለዩ በስሙ መለሱለት። ከዚያ እናቴ ከሴቶቹ በኩል መጥታ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ እጃቸውን ያዘች። በእኛ አገር ካህንና ሚስቱ በአደባባይ ጎን ለጎን እንኳ አይሄዱም፤ እሷ ትንሽ ወደ ኋላ ብላ ትከተላለች። በዚያን ቀን ግን እኩል ሆነው ዳገቱን ወረዱ፣ ሾላውን አለፉ፣ በዚያ ስስና አጭር ሆኖ በቀረው አበባ መካከል ገቡ። እኔ ከፊታቸው ስለ ነበርሁ ሁለቱንም ሰማኋቸው።

«ከእንግዲህ የምትመሪኝ አንቺ ስለ ሆንሽ በደጁ የፈለግሽውን ዝሪ» አሉ አባቴ። ጥቂት ተራምደው ደግሞ፣ «አበባውን ግን በእኔ ምክንያት እንዳትተዪው። እንደምትወጂው አውቃለሁ» አሉ።

ዞር ብዬ እናቴን ሳያት ዓይኗ ወደ መሬት ነበር።

«እሺ» አለች።

አባቴ ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ለሕፃናት ፊደልና ዳዊት እያስተማሩ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ እኔም ዳዊቴን የደገምሁት ከእሳቸው ዘንድ ነው። ውኃው በሸሸ ቁጥር እናቴ ሁሉንም ትዘራ ነበር፤ ሰማያዊውም፣ ቀዩም፣ ቢጫውም ተመለሱ። ኅዳር ሲመጣ አባቴ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የትኛው እንዳማረ እሷን ይጠይቋታል፤ እሷም በዝርዝር ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም ሲሰሙ ፊታቸው ይበራ ነበር፤ ደስታውን ለእሷ ሲሉ የሚደሰቱት እንደ ነበር የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት አነበብሁ፤ ስለ ፍቅርም ብዙ የረቀቁ ቃላት አገኘሁ፤ በእኛ ቤት ግን ቃሉ ተነግሮ አልሰማሁም።

አባቴ ባረፉ ዓመት፣ ውኃው ሲሸሽ፣ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ወረታ ወረድሁ። እናቴ በደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሜዳውን ታይ ነበር፤ መሬቱ የሚዘራበት ጊዜ ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶታል፣ እሷ ግን አንዲት ፍሬ እንኳ አልጣለችም። ኀዘኑ አዳክሟት ይሆናል ብዬ የተልባውንም፣ የአሉማውንም፣ የመንገድ አበባውንም ዘር አውርጄ፣ ካባቴ ጋር ስትወደው የኖረችውን ነገር እኔ ልዝራላት ብዬ አቀረብሁላት። እጇን በዘሩ ውስጥ አስገብታ ጥቂት ካንቀሳቀሰች በኋላ መልሳ ሰጠችኝ።

«ለማን ብዬ፣ ልጄ?» አለች። «እኔ እኮ አበባ ወድጄ አላውቅም።»

ተነሥቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ደለሉ ከቤታችን እስከ ሾላው ድረስ፣ ከሾላውም ወዲህና ወዲያ፣ የሰው ዱካ ሳይነካው ለስልሶ ተኝቶ ነበር፤ በልጅነቴ በየቀኑ የተመላለስሁበት ያ መንገድ በየትኛው በኩል ያልፍ እንደ ነበር ቆሜ ባይ፣ ባይ፣ መለየት አቃተኝ።